ከላይኛው ማሳ ወይን ጋር ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ይህን የምጽፈው ተመልሼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እርሻችን ውስጥ ወይን ሲገርዙና ሲለቅሙ አርጅተው አዲስ አበባን አንድም ቀን ያላዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ እየተቀባበሉ ይጠይቁኛል። እንጦጦ ምን ይመስላል? ገመቹን አገኘሽው ወይ? የት ያድራል? ምን ይበላል? ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግመው ነገሩ እየተሸራረፈ ሄደብኝ። ስለዚህ ሳይጠፋብኝ እንደነበረ ላስቀምጠው ብዬ ተቀመጥኩ።

እርሻችን ከጉደር ወንዝ ማዶ ያለው ትንሹ ነው፤ ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ትልቁ አይደለም። ሁለት ማሳ አለን። ታችኛው ወንዙን ተጠግቶ ጥቁር አፈር ላይ ስለተተከለ ብዙ ያፈራል፤ ወይኑም ለቡና ቤትና ለሆቴል ይሄዳል። ላይኛው ማሳ ግን ቀይ ጠጠራም ዳገት ላይ ነው። ፍሬው ጥቂት፣ ደቃቃና ልጣጨ ወፍራም ነው። ከእሱ የሚወጣው ቀይ ወይን ለመንግሥት ግብዣና ለውጭ እንግዳ ብቻ ስለሚቀርብ፣ ከእኛ ከሠሪዎቹ በቀር አገሩ አያውቀውም። ያን ማሳ የተከለው፣ ወይኑንም በየዓመቱ የሚጠምቀው አባቴ ገመቹ ነበር። ልጅ ሳለሁ ዓይኔን በእናቴ ሻሽ አስሮ ኩባያ እያቀረበ "ይኼስ ከየትኛው ማሳ ነው?" ይለኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጣም፤ "እንደገና አሽትቺ" ብቻ ነው የሚለው። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ እርሻው ተወረሰ፤ የቀድሞው ባለቤትም ከአገር ወጡ። ወዲያው "እሳቸው የደበቁት ንብረት አለ፤ አንተ ታውቃለህ" ተብሎ አባቴ ተወሰደ። የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሁለት መከር አለፈ። ሦስተኛው ሳይደርስ ተፈታ ሲባል ሰምተን ቤቱን ቀባን፣ አጥሩን አደስን፤ እሱ ግን አልመጣም። በመጨረሻ ወይናችንን ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር "ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አጠና መሸጫ በር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ስጠራው ፊቱን አዞረ" አለን።

እናቴ ይህን ከሰማች ብዙ ቀን ሆኗት ነበር። አንድ ጠዋት እህል እያበጠረች "ሂጂና አምጪው" አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። በእጄ አንድ ዘንቢል ነበር። እናቴ ከላይኛው ማሳ ፍሬ ያደረቀችው ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ እንዲሆን በጨርቅ ተቋጥሯል። ከሱ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ የወይን ጠርሙስ አለ። እሱ የራሴ ነው። አባቴ ከሄደ ወዲህ ሁለቱ ማሳ ተቀላቅሎ እንዲጠመቅ ታዝዞ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግን ለምኜ ከላይኛው ማሳ አንድ በርሜል ለብቻ እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ያለ አባቴ የሠራሁት የመጀመሪያ ወይን ነው። ሰዎች ቀምሰው ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጥሩ ነው እንዲለኝ የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አምቦ ላይ አንዲት መነኩሲት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ይባላሉ። የሚኖሩት እንጦጦ ራጉኤል ነው፤ ለጉልበታቸው ቁርጥማት አምቦ ፍል ውሃ ሰንብተው ሲመለሱ ነበር። እኛ ፍል ውሃውን ልብስ ስናጥብበት ስለኖርን፣ ሰው ለሱ ብሎ ከእንጦጦ መምጣቱ ገረመኝ። እሳቸው ደግሞ "እንጦጦ ላይ ውሃው በድንጋይ ተሰብሮ ነው የሚቀዳ" ብለው እኔን አስገረሙኝ። በዚህ ወር ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል አሉኝ።

ግንጪን እንዳለፍን ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ዘንቢሌ ላይ አረፈ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገኝ "ጷ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጭንቅላቱን ይዞ ወንበር ሥር ገባ። አንዲት እናት ልጇ ላይ ተኛችበት። ቀና ስል እማሆይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ቢጫ ቀሚሳቸው ከደረት እስከ ጉልበት ቀይ ሆኗል።

"ሴትዮዋን መቷቸው" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

የተመታ ሰው አልነበረም። ሙቀቱና ንቅናቄው የጠርሙሴን ቡሽ አስፈንጥሮት ነው። ተነሥቼ ይቅርታ እየለመንኩ ቀሚሳቸውን በነጠላዬ ጫፍ መጥረግ ያዝኩ። እማሆይ ቀሚሳቸውን አየት አደረጉ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ተኩስ ይብዛልን" አሉ።

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ያ ሁሉ ሰው የሳቀው ከደስታ ይልቅ ከድንጋጤው ሲወጣ ይመስለኛል፤ አንዳንዱ እየሳቀ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ግማሹ ወይን ፈሷል። ከኋላ የነበረ ገበሬ ከጆንያው የበቆሎ ቆረቆንዳ አውጥቶ በቢላዋ ቀርፆ የጠርሙሱን አፍ ደፈነልኝ። ቡሽ ሲጠፋ እኛም ቤት የምናደርገው እንደዚያ ስለሆነ አገሬን ያልለቀቅሁ መሰለኝ።

ከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ልጅ እግር ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ አሸተተና "ማን ነው የጠጣው?" አለ። ወረቀቴን ዘርግቼ የእርሻው ሠራተኛ መሆኔን ላስረዳው ስጀምር፣ እማሆይ ቀደሙኝ።

"ቀሚሴ ነው የጠጣው" አሉት።

ሳቁ እንዳይታይ አፉን ሸፈነና እንድናልፍ እጁን አወዛወዘልን።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ማደሪያ መፈለግ ነበረብኝ፤ የማውቀው ሰው ግን አልነበረም። እማሆይም ያን ሰዓት እንጦጦ መውጣት ስለማይችሉ ሲግናል አካባቢ የእህታቸው ልጅ ቤት ሊያድሩ ነው። "ነይ፣ እኔ ያደርኩበት ታድሪያለሽ" ብለው ክንዴን ያዙ። የእህታቸው ልጅ ትንሽ የልብስ መስፊያ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ በፊት ውሃ አሙቃ እግሬን እንድታጠብ አቀረበችልኝ፤ ጾም ስለነበር የድንች ወጥ በላን። ከሱቁ ጨርቆች ላይ አነጠፈችልኝና ተኛሁ። ቤታችን የወንዙን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምተኛው። እዚያ የሚሰማው አልፎ አልፎ የሚያልፍ የወታደር መኪና ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት እማሆይ ወደ ደብራቸው ሲለዩኝ "ነገ የወሩ ራጉኤል ነው። አባትሽን ካገኘሽው ይዘሽው ውጪ። ዘቢቡንም ያን ጊዜ ታመጪዋለሽ" አሉኝ። የቀሚሳቸው ቀይ በሌሊቱ እጥበት አልለቀቀም፤ ግድም የሰጣቸው አይመስልም።

በከተማ አውቶቡስ ተሳፍሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድኩ። ስሙን ስሰማ አንድ የተከበበ ታላቅ ግቢ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰፈር ነው። ጠባብ የጭቃ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ዳገቱን ይወጣሉ፤ መንገዱም አብሯቸው ይወጣል። እኛ ዳገት ካገኘን ወይን እንተክልበታለን፤ እነሱ ሰው ተክለውበታል። ከላይ እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። ቅጠሉ የሚሸተው ሽታ ሰፈሩን ሁሉ ሞልቶታል፤ በልብስ፣ በዳቦ፣ በውሃ ውስጥ ሳይቀር አለ። አባቴ ይህን ሽታ አይወድም ነበር። መጋዘናችን አጠገብ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ብሎ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቷል። ታዲያ እዚህ እንዴት ቻለው እያልኩ ወጣሁ።

አጠና መሸጫውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ብርዱን ለመከላከል ካፖርቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱን አላዞረም።

"አስቴር" አለ።

"አባዬ።"

ተቃቅፈን ቆየን። ብዙ የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ካፖርቱ ስር አጥንቱ ሲዳሰሰኝ ግን እንባዬ ደረቀ። ለቀቅ ሲያደርገኝ የመጀመሪያ ጥያቄው "እናትሽ?" የሚል ነበር።

"ደህና ናት። ትጠብቅሃለች።"

"ላይኛው ማሳስ?"

"እሱም።"

አንገቱን ነቀነቀና ወዲያ አየ። ለአሠሪው ነግሮ ቀኑን አስፈቀደና ወደሚኖርበት ቤት ይዞኝ ሄደ።

ቤቱ የጋሽ ሙክታር ነው። ጋሽ ሙክታር የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ሩቅያ ሙስሊሞች ናቸው። አባቴ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቷል። እትዬ ሩቅያ ልጁ መሆኔን ሲሰሙ ያዙኝና ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። "ልጅ አለኝ ይል ነበር። እኛ ግን ለወግ ያህል የሚለው ነበር የመሰለን" አሉ። ምሳ ሲያቀርቡ ለየት ያለ ድስት አውጥተው ሽሮ አፈሱልን። ያን ድስት ለአባቴ ብቻ የገዙት ነው፤ ሥጋና ቅቤ ነክቶት አያውቅም። በጾም ቀን ሳይጨነቅ እንዲበላ ብለው ነው። እኔ ስንት ጊዜ አባቴ ዛሬ ምን በላ እያልኩ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው፣ የማላውቃቸው ሴት አንድ ድስት ለይተው ሲያኖሩለት ኖረዋል።

ከምሳ በኋላ አራታችንም አባቴ ክፍል ተቀመጥን። ክፍሉ ንጹሕ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካፖርት፤ ሌላ ምንም የለም። ደስታዬን መቆጣጠር ስላቃተኝ ዘንቢሌን ስቤ ጠርሙሱን አወጣሁ።

"አባዬ፣ ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት። ከላይኛው ማሳ ነው።"

አባቴ ጠርሙሱን ሳይቀበለኝ መዳፉን ቆረቆንዳው ላይ ጫነበት። "እዚህ ቤት አይከፈትም" አለ።

ያን ጊዜ ነው የት እንደተቀመጥኩ ትዝ ያለኝ። ከሐፍረት የተነሣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። "ይቅር በሉኝ ጋሽ ሙክታር፣ ሳላስብ ነው" አልኩ።

ጋሽ ሙክታር አልተቀየሙም። "ምንም አይደለም ልጄ። አላወቅሽም" አሉ። ቀጥለው ወደ አባቴ እያዩ "ጋሽ ገመቹ ክፍሉን ሊከራይ የመጣ ዕለት የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። 'እዚህ ግቢ መጠጥ ይገባል ወይ?' አለኝ። አይገባም ስለው ሌላ ሳይጠይቅ ዕቃውን አስገባ። ብዙ ጠጥቶ የተወ ሰው ነው ብለን ነበር እኮ እኔና ሩቅያ" አሉ።

አባቴ ብዙ ጠጥቶ አያውቅም። በሕይወቱ ሰክሮ አላየሁትም። ወይን የማይገባበት ቤት ለምን እንደፈለገ ልጠይቀው አፌን ስከፍት "ነገ ራጉኤል አይደለም?" አለኝ። "እንወጣለን። ጠርሙሱን ያዢው።"

እትዬ ሩቅያ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው በፎጣው ጠቀለሉትና ከግቢው ውጭ አጥሩ ሥር ባለች የዕንጨት ማኖሪያ ውስጥ አስገቡት። "እንዳይሰበርብሽ ዳር አስጠግቼዋለሁ" አሉኝ። ማደሪያዬን ከልጆቻቸው ጋር አደረጉልኝ።

ሦስተኛው ቀን

ማልደን ተነሣን። እማሆይ እንዳሉት ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። የእኛ ወይን እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት ቢያገኘው እምቡጡ ይጠቁር ነበር። ከሰፈሩ በላይ የመኪና መንገድ የለም፤ በባሕር ዛፉ መካከል በእግር ነው የሚወጣው። አባቴ ከፊት ይሄዳል። ቤታችን ሳለ ዳገት ሲወጣ በየመሐሉ ቆም ብሎ አየሩን ይስብ ነበር። አፈሩ ውሃ መጠማቱን፣ ፍሬው መብሰል መጀመሩን በዚያ ያውቀዋል። ያን ቀን አንዴም አልቆመም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆምን። እማሆይ አዩንና መጥተው አባቴን እንደ ቆየ ዘመድ ሳሙት። የእናቴን ዘቢብ ተቀብለው ቋጠሮውን ፈቱ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው "ይኼ ዘቢብ ፀሐይ የጠገበ ነው" አሉ። ከቋጠሮው ጥቂት ፍሬ አንሥተው መዳፌ ላይ አኖሩና የቀረውን ቁርባን ወደሚሰናዳበት ቤተ ልሔም ወሰዱት። ሲመለሱ ዳቦና ሁለት ኩባያ ይዘውልን መጡ። "እናንተ የምትነጋገሩት አላችሁ" ብለው ፀሐይ ያረፈበት ገደል አፋፍ አሳይተውን ሄዱ።

ከተማው ከሥራችን ተዘርግቷል። ቆርቆሮው ሁሉ ያብለጨልጫል። በስተምዕራብ ተራራው እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሆለታ፣ አምቦ፣ ከዚያም እኛ። አባቴ ወደዚያ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ቆረቆንዳውን ነቅዬ ቀዳሁለት።

ኩባያውን ተቀበለ፤ አላሸተተውም። አባቴን ወይን ይዞ ሳያሸት አይቼው አላውቅም።

"የተፈታሁ ዕለት" አለ፣ "ቀጥታ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። የጉደር መኪና እስኪሞላ ብርቱካን ገዝቼ ላጥኩ። እስር ቤት ሳለን ተስቦ ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። እኔም ታምሜ ተርፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬ አልሠራም፤ ግን የቦታው መጥፎ አየር ነው፣ ስወጣ ይመለሳል እያልኩ ነበር። ብርቱካኑን ላጥኩት። ልጣጩን እጄ ላይ ጨመቅኩት። ሁለተኛ ገዝቼ ላጥኩ። ምንም የለም፣ አስቴር። መኪናው ሞላና ሄደ።"

ባሕር ዛፉን እንዴት እንደቻለው ያን ጊዜ ገባኝ።

"ሐኪም አየህ?"

"አየኝ። ጸበሉንም ተጠመቅሁ። አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ ይቀራል ነው የሚሉኝ። እንግዲህ ስንት ጊዜ ሆነኝ።"

ከኩባያው ተጎነጨና አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ። ዓይኑን ጨፍኗል።

"ምን ምን ይላል?" አለኝ።

ከራሴ ኩባያ አሸተትኩ። እየቆጠርኩ ነገርኩት። "መጀመሪያ እንጆሪ አለው፤ ገና ሳይፈርጥ በፊት ያለው። ቀጥሎ የደረቀ የኮሽም ልጣጭ። ከሥር ደግሞ ካፊያ የነካው አቧራ... ከላይኛው ማሳ በስተጀርባ ያለው መንገድ፣ ሰኔ ሲገባ የሚሸተው።"

"ጭስስ?"

"ትንሽ። የወይራ።"

"እሱ በርሜሉ ነው" አለና ዋጠው። ምላሱን በድዱ ላይ አዞረ። "ጣፋጭና ጎምዛዛ አውቃለሁ። ልጣጩም ድዴን ይዞኛል። ከኔ አብልጠሽ ነው ልጣጩን ከጭማቂው ጋር ያቆየሽው።"

"አዎ። ፈርቼ ነው። እንዳይሳሳ ብዬ።"

"አልሳሳም።"

ከዚያ ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅሁት። "አባዬ፣ ጥሩ ነው?"

ወደ ኩባያው አየ። ሊያስደስተኝ ቢፈልግ ጥሩ ነው ማለት ቀላል ነበር። "አላውቅም ልጄ" አለ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሱ እጁን አናቴ ላይ ጫነ፣ አባበለኝም አልልም፤ እጁ እዚያው ነበር። እማሆይ የሰጡኝን ዘቢብ ሰጠሁት፣ አንድ በአንድ አኘከው። ጣፋጭ ነው አለ። ይኼን ያውቃል።

ስረጋጋ እንዲመጣ ለመንኩት። መጋዘን ባይገባ ቤቱ እንዲቀመጥ፣ እናቴ እንደምትጠብቀው፣ ሠራተኛው ሁሉ እንደሚጠይቅ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"እዚህ የጠፋብኝን አላውቀውም" አለኝ። "ይኼ አገር ምን ምን እንደሚሸት ድሮም አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ የጎደለብኝ የለም። እዚያ ግን ከበር ስወጣ ጀምሮ በየእርምጃው ይጠፋብኛል። ማሳው፣ መጋዘኑ፣ የእናትሽ ፀጉር ሳይቀር። ወይን በተቀዳበት ቤት ሁሉ ደግሞ ሰው ፊቴን እያየ 'እንዴት ነው ገመቹ?' ይለኛል። ምን ልበላቸው?"

"እናቴን ምን ልበላት እኔስ?"

"እውነቱን።"

ከሰዓት በኋላ እማሆይ እስከ መውረጃው ሸኙን። ቀዩ ያልለቀቀው ቀሚስ ላይ ነጠላቸውን ጣል አድርገዋል። ለአባቴ "በየወሩ ለራጉኤል እመጣለሁ አልከኝ፤ ከእንግዲህ ሳትቀመጥ አትሂድ" አሉት። ግማሽ መንገድ ከወረድን በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈውን ይዞት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ እማሆይ ጋ ትቶታል።

አራተኛው ቀን

እትዬ ሩቅያ ለመንገድ ዳቦ ጋግረው፣ ለእናቴ ደግሞ ቅርንፉድና ሄል በትንሽ ከረጢት ቋጥረው ሰጡኝ። "ባልሽን በደንብ ይዘነዋል በያት" አሉ። ጋሽ ሙክታር በከባድ መኪናቸው አውቶቡስ ተራ ድረስ አደረሱን፤ ጋቢናው ውስጥ ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን። አባቴ መሐል ነበር።

መኪናው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆመ። ስለ መከሩ ያወራኝ ጀመር። ከላይኛው ማሳ የሰሜኑ ጎን ዘግይቶ እንደሚበስል፣ ዘለላውን በጠዋቱ ቅዝቃዜ ማስለቀም እንደሚሻል ነገረኝ። የማውቀውን ነው የነገረኝ፤ ግን አላቋረጥኩትም። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን ከፍ አደረገ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እየተራመደ አብሮን ትንሽ መጣና ቆመ። አንገቴን አውጥቼ ሳየው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር፤ ከዚያ አንድ የጭነት መኪና መሐላችን ገባ።

በመመለሻው መንገድ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ሆለታ ላይ ዝናብ ያረገዘ ደመና ነበር፤ ግንጪ ላይ ሻይ ጠጣሁ። አምቦን አልፈን የጉደር ሸለቆ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን ነካኝ። እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤ ከዚያ የተቆረጠ ሣር፤ ከዚያ ከመጋዘኖቹ የሚመጣው የወይን ሽታ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መስኮቱን ዘጋሁት።

እቤት

እናቴ ብቻዬን መውረዴን ከሩቅ አይታ ነበርና አልጠየቀችኝም። እራት አቀረበች፣ በላሁ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እኔም ይህን የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። የቡሹን ነገር ስነግራት ፈገግ አለች። የእትዬ ሩቅያን ድስት ስነግራት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። የብርቱካኑ ላይ ስደርስ ፊቷ ምንም አልተለወጠም።

"ይኼው ነው?" አለችኝ።

"ይኼው ነው።"

"የቀረው ለአፍንጫው ብሎ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

መሶቡን ከመካከላችን አነሣች። ከዚያ "እኔ ያገባሁት ወይን ጠማቂ ሳይሆን በፊት ነው" አለች። "በሬ ጠባቂ ነበር። ምንም አያሸትም ነበር።" ቀጥላ ስለ ክፍሉ ጠየቀችኝ። መስኮቱ በየት በኩል ነው፣ ወለሉ ምን ዓይነት ነው፣ አልጋው ስንት ሰው ይችላል?

"አንድ ሰው ነው የሚችለው" አልኳት።

"ይበቃል" አለች።

እናቴ ከአምቦ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። የይለፍ ወረቀቷን እስክታወጣ፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት እስክትሰጥ ጊዜ ወሰደባት፤ ላይኛው ማሳም በዚያው ጊዜ ውስጥ በሰለ። የምትሄድበት ቀንና ለቀማ የሚጀመርበት ቀን ገጠመ። ቀኑን እንድታስተላልፈው ብለምናት አልሰማችኝም። "ሁለት መከር ጠብቄዋለሁ፤ ሦስተኛውን አንቺ ጨርሺው" አለችኝ። ወፍራም ጋቢዋን ደርባ አውቶቡስ ውስጥ ገባች። የት እንደምትወርድ፣ ማንን እንደምትጠይቅ እንደገና ነገርኳት። ሰምታኝ ሲያልቅ "ሂጂ፣ ለቃሚው እየጠበቀሽ ነው" አለች። ድልድዩን እስኪሻገሩ ቆሜ አየሁ።

ያ ወይናችንን የሚጭነው ሾፌር በኋላ ወሬያቸውን አምጥቶልናል። እትዬ ሩቅያ ሁለተኛ ፍራሽ ሰጥተዋቸዋል። አባቴ አጠና መሸጫው በር ላይ ነው፤ ሲጠሩት አሁን ፊቱን አያዞርም። እመጣለሁ ግን አላለም።

ያን ጠዋት ከድልድዩ ወደ ላይኛው ማሳ ስወጣ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ይዘው በየረድፉ ራስ ላይ ቆመው ነበር። ጤዛው ገና አልደረቀም። ድሮ አባቴ አንድ ፍሬ ቆርጦ ቀምሶ እጁን ካላነሣ ማንም ዘለላ አይነካም ነበር። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት "አስቴር፣ ዛሬ ማን ነው የሚያስጀምረን?" አሉ።

ከመጀመሪያው ረድፍ አንድ ፍሬ ቆረጥኩ። አሸተትኩት፣ ቀመስኩት።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ጀምሩ።"